የአንባቢያን ጥያቄ፦ በሰኔ መጨረሻ የሚደርስ የስንብት ደብዳቤ

ሰኔ ሲጋመስ ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመምህራን ናቸው። ተማሪ ቀነሰ፣ ለጋሽ እጁን ሰበሰበ፣ በጀት ጠበበ እየተባለ የሚሰናበተው መምህር፣ ጡረታው የተቃረበም ሆነ ገና ወጣት፣ ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀው «ምን ይገባኛል? እስከ መቼ ልጠይቅ?» የሚለውን ነው። ከደረሱን መካከል ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠናል። ጸሐፊዎቹ እንዳይታወቁ ስማቸውንና የትምህርት ቤታቸውን ስም አውጥተናል።

ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይያዝልን። የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት መምህር ደግሞ በክልሉ ወይም በከተማ አስተዳደሩ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይተዳደራል። የአንዱን መልስ ለሌላው መጠቀም ያሳስታል፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከሚሰማው ምክር ግማሹ የሚበላሸውም በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ከጥበቃ እስከ ርዕሰ መምህር 64 ሠራተኛ አለው። ለከርሞ የተመዘገበው ተማሪ ስላነሰ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ሴክሽኖች ይታጠፋሉ ተባለና ሰኔ 24 ቀን ለዘጠኛችን ደብዳቤ ተሰጠን። «ከሰኔ 30 ጀምሮ ውላችሁ ተቋርጧል» ይላል። 8 ዓመት ከ6 ወር ሠርቻለሁ፤ ደመወዜ 9,000 ብር ነው። የአንድ ወር ደመወዝ ሰጥተው ሊያሰናብቱን ነው። የሚገባን ይኸው ነው?
*የሒሳብ መምህር፣ ከአዳማ*

መልስ፦ አይደለም፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ምክንያቱን ብቻ ካየን ትምህርት ቤቱ አልተሳሳተም። የአገልግሎት ፈላጊ መቀነስ ሥራን ካሳነሰ ውል በማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ እንደሚችል የአዋጁ አንቀጽ 28 ይፈቅዳል። ስህተቱ አካሄዱ ላይ ነው። ከጠቅላላው ሠራተኛ ቢያንስ 10 በመቶው የሚነካ ከሆነ ጉዳዩ በአንቀጽ 29 «የሠራተኛ ቅነሳ» ይሆናል (ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት መለኪያው ቢያንስ 5 ሰው ነው)። የ64 አሥር በመቶ 6.4 ነው፤ እናንተ ዘጠኝ ናችሁ። ሲቆጠር መምህሩ ብቻ ሳይሆን ጽዳቱም፣ ጥበቃውም፣ የሒሳብ ክፍሉም ይቆጠራል። በሁለት ዙር ከፋፍሎ የሚያሰናብት ትምህርት ቤት ስላለ የእያንዳንዱ ደብዳቤ ቀን አብሮ ይመዝገብ።

ቅነሳ ከሆነ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር፣ ማኅበር ከሌለ ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። የሚቀረው የተሻለ ችሎታና ውጤት ያለው ነው። በዚህ እኩል ከሆኑ ቀድመው የሚቀነሱት አገልግሎታቸው አጭር የሆነና የሚያስተዳድሩት ቤተሰብ ያነሰ ሠራተኞች ናቸው። አካል ጉዳተኞች፣ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ነፍሰ ጡር መምህርት ከወለደች እስከ አራት ወር ድረስ ራሱን የቻለ ሌላ ጥበቃም አላት። የ8 ዓመቱን አሰናብቶ የ2 ዓመቱን ያስቀረ ትምህርት ቤት በችሎታ መበለጥዎን በውጤት ምዘና ወረቀት ማሳየት ይጠበቅበታል። «አስተዳደሩ ወስኗል» ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ገንዘቡ እንሂድ። ለመደበኛ ስንብት የማስጠንቀቂያው ጊዜ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ 3 ወር ነው። በቅነሳ ግን ለሁሉም 2 ወር ነው። ማስጠንቀቂያው መቆጠር የሚጀምረው ደብዳቤው በተሰጠ ማግስት ካለው የሥራ ቀን ነው፤ ስለዚህ የእርስዎ ውል በሕግ ዓይን እስከ ነሐሴ 24 አካባቢ ይዘልቃል። የሰኔን ቀሪ ቀናት ደመወዝ ከወሰዱ የቀረውን ይጠይቃሉ።

የስንብት ክፍያው የሚሰላው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። 9,000 ለ30 ሲካፈል በቀን 300 ብር ይሆናል።

ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፦ 9,000 ብር።
ለቀሪው 7 ዓመት ተኩል፣ በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፦ 3,000 × 7.5 = 22,500 ብር።
በቅነሳ ምክንያት የሚጨመረው 60 ቀን፦ 18,000 ብር።
ድምር፦ 49,500 ብር።

በዚህ ላይ የማስጠንቀቂያው ቀሪ ጊዜና ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ይታከላል። ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ 1 ቀን እየጨመረ ይሄዳል፤ ለእርስዎ 19 ቀን ደርሷል። ክረምቱን ደመወዝ እየተከፈላችሁ የምታርፉ ከሆነ ትምህርት ቤቱ «ፈቃዱን በክረምት ወስደዋል» ማለቱ አይቀርም። ሐምሌ ላይ ለሥልጠና፣ ለምዝገባ ወይም ለክረምት ትምህርት ገብታችሁ ከሆነ የፊርማ መዝገቡን ፎቶ አንሱት። የስንብት ክፍያ እንደ ደመወዝ ገቢ ግብር ስለሚቆረጥበት እጅ ላይ የሚደርሰው ከስሌቱ ያንሳል፤ ይህ የትምህርት ቤቱ ማጭበርበር አይደለም።

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ሊያስከፍል ይችላል። ክሊራንስ (የመልቀቂያ ርክክብ) ላይ ላፕቶፑን ወይም የመምህሩን መምሪያ መጽሐፍ ሳይመልሱ ቆይተው ቀን የሚቆጥሩ አሉ፤ ዕቃ ያልመለሰ ሰው የሰባቱን ቀን መከራከሪያ ያጣል።

በጣም የሚጎዳው አንድ ወረቀት ነው። «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ ብለህ ጻፍ፤ የሥራ ልምድ ወዲያው እንሰጥሃለን» ይባላል። የሥራ ልምድ ማስረጃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ እንጂ ውለታ አይደለም። ያንን ከጻፉ 5 ዓመት ያለፈዎት ስለሆኑ መደበኛው የስንብት ክፍያ ባይቀርብዎትም፣ የ60 ቀኑ ተጨማሪና የማስጠንቀቂያው ክፍያ ያመልጣል። ከዘጠኛችሁ መካከል 5 ዓመት ያልሞላው ደግሞ ባዶ እጁን ይወጣል።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ መስከረም 1 የሚጀምር፣ ሰኔ 30 የሚያበቃ ውል እየፈረምሁ 6 ዓመት ሆነኝ። ሐምሌና ነሐሴ አይከፈለኝም። ዘንድሮ «ውልህ አልቋል፣ አናድስም» ተባልሁ። የስንብት ክፍያ ስጠይቅ «አንተ ኮንትራት ነህ» አሉኝ።
*የሳይንስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ ውሉ ላይ የተጻፈው ቀን ብቻውን ነገሩን አይወስንም። ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል፤ ይህ የአዋጁ አንቀጽ 9 ነው። ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው፦ በወሊድ ወይም በሕመም የቀረች መምህርትን መተካት፣ ድንገተኛ የሥራ መደራረብ፣ ወቅታዊ ሥራ የመሳሰሉት። 7ኛ ክፍል በየዓመቱ አለ፤ ሳይንስም በየዓመቱ ይሰጣል። ቀጣይ ሥራን በየመስከረሙ እንደ አዲስ ማስፈረም ሥራውን ጊዜያዊ አያደርገውም።

ትምህርት ቤቱ «የማስተማር ሥራ ወቅታዊ ነው» ብሎ ይከራከራል፤ በክረምት ተማሪ የለምና ክርክሩ ባዶ አይደለም። የእርስዎ አቋም የሚጠነክረው በእነዚህ ነው፦ ስድስቱም ውሎች በእጅዎ መኖራቸው፣ የሠራተኛ መለያ ቁጥርዎ አለመቀየሩ፣ የጡረታ መዋጮው በአንድ ቁጥር መቀጠሉ፣ በየመስከረሙ አዲስ የሙከራ ጊዜ አለመጀመሩ፣ ነሐሴ ላይ ለስብሰባና ለዕቅድ መጠራትዎ። በስልክ የደረሰ የስብሰባ ጥሪም ከነቀኑ ይቀመጥ።

ቀን ላይ ይጠንቀቁ። ወደ ሥራ መመለስ የሚጠይቅ ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝም ከሚከፈልበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ያለፉት አምስት ክረምቶች ደመወዝ በተግባር አልፏል። ሰኔ 30 የተሰናበተ መምህር «ክረምቱን ላሳልፍ» ሲል ይርጋው ይገሠግሳል። በተለይ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ በከፊል ዝግ ስለሚሆኑ ሐምሌ ውስጥ መዝገብ ማስከፈት ነው የሚያዋጣው።

ለሥራና ክህሎት ቢሮ ወይም ጽሕፈት ቤት የቀረበ የጽሑፍ አቤቱታ ይርጋን ያቋርጣል፤ ትምህርት ቤቱ ዕዳውን በጽሑፍ ካመነም እንዲሁ። ከርዕሰ መምህሩ ጋር የተደረገ አሥር ጊዜ ውይይት ግን አያቋርጥም። ሲያስገቡ ቅጂው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ያስደርጉ። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም።

ስንብቱ ሕገ ወጥ መሆኑ ከተረጋገጠ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ሊመልስዎ ይችላል። ካልመለሰ ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ይወስናል። ሌሎች አንባቢዎቻችን «ሒሳቤን ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ስለመፈረም ጠይቀውናል። ሠራተኛው ሕግ የሰጠውን መብት በስምምነት ቢተው ዋጋ የለውም፤ አንቀጽ 25 እንደዚያ ይላል። ቢሆንም ከመፈረምዎ በፊት «የተቀበልሁት የሐምሌ ወር ደመወዝ ብቻ ነው» ብለው በእጅ ጽሑፍ መጨመር ክርክሩን ያቀልልዎታል።

ጥያቄ፦ ዩኒት ሊደር (የመምህራን አስተባባሪ) ነኝ። «የሥራ መሪ ስለሆንሽ የሠራተኛ አዋጁ አይመለከትሽም» ተባልሁ። እውነት ነው?
*ከባሕር ዳር*

መልስ፦ የሥራ መሪ ከአዋጁ ውጭ መሆኑ እውነት ነው፤ ጉዳዩ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል፣ ጥበቃውም ጠባብ ነው። ነገር ግን የሥራ መሪ የሚያሰኘው መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ ማሰናበት ወይም የአስተዳደር መመሪያ አውጥቶ ማስፈጸም የሚያስችል ሥልጣን ነው። የክፍለ ጊዜ ድልድል የምታወጪ፣ የትምህርት ዕቅድ የምትፈትሺ፣ ራስሽም በሳምንት 18 ክፍለ ጊዜ የምታስተምሪ ከሆነ የማዕረጉ ስም ብቻ የሥራ መሪ አያደርግሽም። የሥራ ዝርዝርሽን የሚገልጸውን ደብዳቤ ፈልጊ፤ ዳኛውም የሚያየው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ የምናስተምርበት ትምህርት ቤት በውጭ ዕርዳታ የሚደገፍ ነው። ዕርዳታው ሲቋረጥ «እስክንጠራችሁ ያለ ደመወዝ እቤታችሁ ቆዩ» ተባልን። ሁለት ወር አለፈ።
*አምስት መምህራን፣ ከድሬዳዋ*

መልስ፦ አሠሪው ባላጠፋው የገንዘብ ችግር ምክንያት ሥራው ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ከቆመ የሥራ ውል ግዴታዎችን ማገድ ይቻላል። ለዚህ ግን አሠሪው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። መሥሪያ ቤቱም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ምክንያቱን መርምሮ ይወስናል፤ ዝም ካለ እንደ ተፈቀደ ይቆጠራል። የዕገዳው ጣሪያ 90 ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ በዚያ ጊዜ ሥራ ሊጀምር እንደማይችል ከታመነ ውሉ ይቋረጥና የስንብት ክፍያ ይመጣል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ «ስለ እኛ ዕገዳ የቀረበ ማስታወቂያ አለ ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከሌለ የቆያችሁበት ጊዜ ዕገዳ አይደለም፤ ደመወዛችሁ እየተቆጠረ ነው። ካለ የ90 ቀኑን ማብቂያ በቀን መቁጠሪያ ላይ አስቀምጡ። ድርጅቱ ጭራሽ ከተዘጋ በስንብት ክፍያው ላይ የ60 ቀን ተጨማሪም አለ። ዕርዳታ ሰጪ ሲወጣ የባንክ ሒሳቡ ቶሎ ይደርቃልና አምስታችሁም በአንድ ማመልከቻ አሁኑኑ ብትቀርቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የግል ትምህርት ቤት መምህራን ነን፣ 23 ነን። ማኅበር ማቋቋም እንችላለን? የመምህራን ማኅበር አባል መሆን አይበቃም?
*ከሐዋሳ*

መልስ፦ ትችላላችሁ። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር ይቋቋማል፤ ከ10 በታች የሆኑ ትምህርት ቤቶች መምህራንም ተሰባስበው አንድ አጠቃላይ ማኅበር ሊያቋቁሙ ይችላሉ። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ የመሥራቾች ስብሰባ በቃለ ጉባኤ፣ የመተዳደሪያ ደንብ ማጽደቅ፣ አመራር መምረጥ፣ ከዚያ ደንቡንና የአመራሩን ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይዞ ለሥራና ክህሎት ቢሮ ማመልከት። ቢሮው በ15 ቀናት ውስጥ የምዝገባ የምስክር ወረቀት ይሰጣል ወይም ምክንያቱን ገልጾ ይከለክላል። ከተመዘገበ በኋላ የኅብረት ስምምነት (ማኅበሩ ሠራተኞቹን ወክሎ ከአሠሪው ጋር የሚፈርመው ውል) መደራደር፣ በፌዴሬሽን በኩልም የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ውስጥ መግባት ይቻላል።

በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የሙያ ማኅበር ነው፤ አብዛኛው አባሉ የመንግሥት መምህር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ቢነሳም፣ በአዋጅ 1156 እንደ ሠራተኛ ማኅበር ተመዝግቦ የኅብረት ስምምነት መደራደር ለእነሱ ክፍት አይደለም። ለእናንተ ግን ክፍት ነው፤ በዚህ ረገድ የግሉ መምህር ከመንግሥቱ የተሻለ በር አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም፣ የሚጠቀምበት ጥቂት ነው እንጂ።

የሚበላሸው መጀመሪያው ላይ ነው። ወሬው ደንቡ ሳይጻፍ ለአስተዳደሩ ይደርስና ሁለት ሦስት ሰው «በበጀት ምክንያት» ይሰናበታል። በማኅበር አባልነት ወይም እንቅስቃሴ ምክንያት ማሰናበት በአንቀጽ 26 የተከለከለ ነው፤ ለማረጋገጥ ግን ቀን ያስፈልጋል። ቃለ ጉባኤው ሰኔ 3፣ የስንብት ደብዳቤው ሰኔ 9 ከሆነ ቀኑ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ሁሉም ይፈርም፤ ቅጂውም ከግቢው ውጭ ይቀመጥ። የኅብረት ስምምነት ስትደራደሩ ከደመወዝ ጭማሪው ይልቅ ቅድሚያ የሚገባው የቅነሳ አፈጻጸምና የክረምት ደመወዝ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ ከደመወዜ 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል። ግን ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ገቢ መደረጉን አላውቅም። ደግሞ ውሌ ላይ መነሻ ደመወዝ 4,000 ብር፣ «ልዩ ልዩ አበል» 5,000 ብር ይላል።
*ከመቀሌ*

መልስ፦ ሁለት ችግር ነው ያለብዎት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል።

በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት እርስዎ 7፣ ትምህርት ቤቱ 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ ወሩ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ መሆን አለበት። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይዘው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ይሂዱና የመዋጮ ታሪክዎን ይጠይቁ። ቁጥር ከሌለዎት ትምህርት ቤቱ አላስመዘገበዎትም ማለት ነው። የተቆረጠበት ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ሰነድ) ወይም የባንክ መግለጫ ካለዎት ግዴታው የአሠሪው ነው፤ አስተዳደሩ ያልተከፈለ መዋጮን ከአሠሪው የባንክ ሒሳብ ላይ ማስቀነስ ይችላል። በየስድስት ወሩ ማየት ይበቃል፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ግን ፔይሮል የሚሰጥ ሰው አይገኝም።

ሁለተኛው፣ ጡረታ የሚሰላው በመነሻ ደመወዝ ነው። በ9,000 ብር ላይ የእርስዎና የትምህርት ቤቱ መዋጮ በወር 1,620 ብር ይሆን ነበር፤ በ4,000 ብር ግን 720 ብር ብቻ ነው። ለጊዜው ኪስዎ ስለሚጠቅም አይሰማዎትም። 20 ዓመት አገልግለው ሲወጡ አበሉ 42.5 በመቶ ነው፦ በ9,000 ብር 3,825 ብር፣ በ4,000 ብር 1,700 ብር። አበል የሚባለው በየወሩ ሳይቀያየር ለሁሉም መምህር የሚከፈል ከሆነ ደመወዝ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ከዚያ ይልቅ ውል ሲታደስ «ጭማሪው መነሻው ላይ ይሁን» ብሎ መደራደር ይቀላል።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ነኝ። መስከረም 2019 ላይ 58 ዓመትና 26 የአገልግሎት ዓመት ይሞላኛል። ትምህርት ቤቱ በበጀት ምክንያት የቀሩትን መምህራን አልተካም፤ ክፍለ ጊዜ በዛብኝ፣ ደክሞኛል። ቀድሜ ጡረታ ብወጣ ምን አጣለሁ? ደመወዜ እስከ ነሐሴ 2017 ድረስ 9,000 ብር ነበር፤ ከመስከረም 2018 ማስተካከያ ወዲህ 13,500 ብር ሆኗል።
*ከደሴ*

መልስ፦ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው፤ 25 ዓመት ያገለገለ ግን ከ55 ዓመቱ ጀምሮ በራሱ ጥያቄ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መብቱ አለዎት። ጥያቄው ጊዜው ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ አንድና ሁለት ዓመት መቆየት የሚያመጣው ልዩነት ከወትሮው እጅግ ይበልጣል።

አበሉ የሚሰላው ከመውጣትዎ በፊት ባሉት 36 ወራት አማካይ መነሻ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የደመወዝ ማስተካከያው ገና በቅርብ ስለመጣ የመጨረሻዎቹ 36 ወራትዎ አሮጌውንና አዲሱን ደመወዝ ይቀላቅላሉ።

መስከረም 2019 ቢወጡ፦ 24 ወር በ9,000 እና 12 ወር በ13,500፤ አማካዩ 10,500 ብር ይሆናል። 26 ዓመት 50 በመቶ ነው፤ አበሉ 5,250 ብር።

መስከረም 2020 ቢወጡ፦ አማካዩ 12,000፣ 27 ዓመት 51.25 በመቶ፤ አበሉ 6,150 ብር።

መስከረም 2021 በ60 ዓመትዎ ቢወጡ፦ 36ቱም ወር በአዲሱ ደመወዝ፣ አማካዩ 13,500፣ 28 ዓመት 52.5 በመቶ፤ አበሉ 7,087 ብር ከ50 ሳንቲም።

ሁለት ዓመት መቆየት በወር 1,837 ብር ከ50 ሳንቲም ለዕድሜ ልክ ይጨምርልዎታል። ከአገልግሎት ዓመቱ የመጣው ጭማሪ 2.5 በመቶ ነጥብ ብቻ ነው፤ አብዛኛው የመጣው አሮጌው ደመወዝ ከአማካዩ ውስጥ ስለወጣ ነው። የትዳር ጓደኛ የተተኪነት አበልም የጡረታዎ 50 በመቶ ስለሆነ ልዩነቱ ለቤተሰብም ይተርፋል። ጤናዎ ካልፈቀደ ሌላ ነገር ነው፤ ድካሙ የክፍለ ጊዜ ብዛት ከሆነ ግን የድልድል ቅሬታ በጽሑፍ አቅርበው ቢያንስ ሁለተኛውን ዓመት እንዲጨርሱ እንመክራለን። በእነዚህ 36 ወራት ውስጥ የደረጃ ዕድገት ካለብዎት ደግሞ አሁኑኑ ይከታተሉት፤ የዘገየ ዕድገት አማካዩን አያነሳም። የቤትና የትራንስፖርት አበል በስሌቱ ውስጥ አይገቡም።

በጀት የሚጠብበት መንገድም ለዚህ ውሳኔ ይጠቅማል። በአብዛኛው ክልል የመምህር ደመወዝ የሚከፈለው ከወረዳው በጀት ነው። ከዚያ በጀት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደመወዝ ስለሆነ ገንዘብ ሲያንስ በቅድሚያ የሚቆመው ቅጥርና የሥራ ማስኬጃ ነው። ቋሚ መምህርን ማሰናበት አስቸጋሪ ነው፤ የሥራ መደብ ቢሰረዝ እንኳ በመጀመሪያ በተመሳሳይ ደረጃ ወዳለ ሌላ መደብ ማዛወር ይመጣል። ስለዚህ «ሳይቀንሱኝ ልውጣ» የሚለው ፍርሃት ለእርስዎ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ከመውጣትዎ አራት አምስት ወር በፊት የግል ማኅደርዎን ያስፈትሹ። ማኅደሩ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲዛወሩ የመጣው መሸኛ፣ ወይም ያለ ደመወዝ ለትምህርት የወጡበት ጊዜ ደብዳቤ ነው። አንድ ዓመት ከጎደለ 1.25 በመቶ ይቀንሳል፤ በ13,500 ብር ሲሰላ በወር 168 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። የስም አጻጻፍም በዲፕሎማው፣ በመታወቂያውና በማኅደሩ አንድ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከ1988 እስከ 1996 በመንግሥት፣ ከ1996 ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት አስተምሬአለሁ። ጡረታዬ ሲሰላ 30 ዓመት ይቆጠርልኛል?
*ከጎንደር*

መልስ፦ 30 አይሞላም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው፤ ስለዚህ በግል ትምህርት ቤት ያገለገሉት ጊዜ የሚቆጠረው ከ2003 ማብቂያ ጀምሮ ነው። ከ1996 እስከዚያ ያለው 7 ዓመት ያህል መዋጮ ስላልተደረገበት በጡረታ ስሌት ውስጥ የለም፤ ትምህርት ቤቱ ያኔ የፕሮቪደንት ፈንድ (የሠራተኛ የቁጠባ ፈንድ) ነበረው እንደሆነ ግን ይጠይቁ። የመንግሥቱ 8 ዓመት ዳረጎት (በጡረታ አበል ፈንታ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ) ያልወሰዱበት ከሆነ ከግሉ ጋር ይደመራል። እስከ ሰኔ 2018 ሲቆጠር 8 እና 15፣ በድምሩ 23 ዓመት ነው፤ አበሉ 46.25 በመቶ ይሆናል። የመንግሥቱን አገልግሎት ማስረጃ ያኔ ከሠሩበት ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ዛሬውኑ ያውጡ። ወረዳው ተከፍሎ ከሆነ ማኅደሩ የቱ ጋ እንደቀረ ፈልጎ ማግኘት ወራት ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ማኅደሬ ላይ ዕድሜዬ ሦስት ዓመት ተጨምሮበት ተመዝግቧል። አሁን ላስተካክለው?
*ከወላይታ ሶዶ*

መልስ፦ ለጡረታ የሚያገለግለው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ዕድሜ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጣ የልደት የምስክር ወረቀትም ሆነ አዲስ መታወቂያ አይቀይረውም። ዕቅድዎን በተመዘገበው ዕድሜ ያድርጉ።